ኮሚናሉና ራምፑ

ኮሚናል በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሀል ያለችው፣ እንጀራ የሚጋገርባት፣ ልብስ የሚታጠብባት፣ በግ የሚታረድባት የጋራ ቤት ናት። ቱሉ ዲምቱንና ገላንን በመሳሰሉ የአቃቂ ቃሊቲ ሳይቶች ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። የግቢው ሰው ሁሉ የሚገናኝባት ሆና ሳለ ደጃፏን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ሕጉ ልብ ብሏል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ መግቢያው በዊልቸር ለሚሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ እየተራመዱ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም እንዲያመች ደንግጓል። ይህችን ሁለተኛዋን ሐረግ እወዳታለሁ፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶቻችንንም ታስባለችና። ለቅሶ የሚደረስበት ቤት በዚህ አይካተትም የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ዊልቸር የሚወጣበትን ዘንበል ያለ መንገድ፣ ማለትም ራምፑን በተመለከተ ብዙ ሰው ሲሚንቶ ዘንበል ተደርጎ ከፈሰሰ በቂ ይመስለዋል። አይደለም! በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ወለሉ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ራምፑ 12 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ሁለት ደረጃ ካለ 3 ሜትር ከ60፣ ሦስት ከሆነ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። አንድ ደጃፍ ላይ ሜትር ዘርግቼ ያየሁት ግን ለ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዊልቸሩን በእጁ የሚያሽከረክር ሰው ያለ ረዳት አይወጣም፤ ሲወርድም ወደፊት ሊደፋ ይችላል። ግንበኛው «ቦታ እንዳይበላ ብዬ ነው» አለኝ። ቦታ ከጠበበ ራምፑ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይም ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ለጥ ያለ ወለል ይተዋል። በሩ ፊትም እንዲሁ፤ አለዚያ ሰውየው ጎማውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከበሩ ጋር ሊታገል ነው። ልሙጥ ሊሾም አይሆንም፤ ከልብስ ማጠቢያው የሚፈሰው የሳሙና ውኃ ያንሸራትታል።

እናንተም ጎረቤቶች፣ የተሠራውን አትዝጉት! በርሜልና ምድጃ ራምፕ ላይ አይቀመጥም። ድንኳን ስትተክሉም ገመዱን በዚያ አታሳልፉ፤ ዓይነ ስውር ጎረቤታችሁ በበትሩ ለምዶ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያዎችን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። እናም ለኮሚናሉ ቀለም መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት የማኅበሩ ኮሚቴ ደጃፉን ይለካ፤ ከፍታውንም በ12 ያባዛ።