የተሰደደ ጉልበት ማኅበር የለውም ወይ?

ሰው በአገሩ ሳለ ብቻውን አይደለም። ገበሬው ደቦው፥ ዕድሩና የርስት ዘመዱ አለው፤ የፋብሪካው ሠራተኛም ማኅበሩ አለው። ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው ከቀያቸው በወጡ ዕለት ግን ይህን ሁሉ ጥለው ይሄዳሉ። እኛም ዛሬ ለወጣት አንባብያን ልናመለክት የፈለግነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

በጣና ዳር፥ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1953 ዓ.ም. ነበር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የሠራተኞች ጉዳይ ሕግ ጸንቶ፥ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ተፈቀደ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። ይህ ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በጠራ ጊዜ ምን ያህል ኀይል እንዳለው አገር አየ። በደርግ ዘመን፥ በ1968 ዓ.ም. ቢፈርስም፥ ያሳየው ምሳሌ አልጠፋም።

ገበሬውም ቢሆን ከዚህ አላነሰም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ርስቴን የሚነካ ነው ብሎ ሠጋ። በየአጥቢያው ተሰበሰበ፤ አለቆቹን መረጠ፤ አቤት ባዮችን ወደ አዲስ አበባ ላከ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶ ነበርና ብዙ ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ የቆየ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እነዚህ ሁለት ወገኖች እንዴት ተሰሚነት አገኙ? ገበሬው ጎረቤቱን ያውቃል፤ ሠራተኛውም በአንድ በር ገብቶ በአንድ በር ይወጣል። መተዋወቅ የማኅበር መሠረት ነው።

አሁን የተሰደደውን እንመልከት። ከጎጃም ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ የሚወርደው ወጣት በባሕር ዳር በኩል ሲያልፍ ዓባይን ተሻግሮ፥ በዓባይ ማዶ አድርጎ የጎንደርን መንገድ ይይዛል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ዐዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ያን ከተሻገረ በኋላ ግን ወጣቱ የሚያውቀው ሰው እየሳሳ ይሄዳል። አሠሪው በየወቅቱ ይለወጣል፤ አብሮት የሚያጭደውም መከሩ ሲያበቃ ይበተናል። ደመወዙ ቢጎድል ከማን ጋር ሆኖ አቤት ይላል?

ባሕር ተሻግራ በሰው ቤት የምትሠራው እኅታችን ደግሞ ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አለባት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓትም የመኖሪያ ፈቃዷ በአንድ አሠሪ እጅ ነው። ሆኖም በዚያው አገር በጥር 2007 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች በቤይሩት ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የሊባኖስ መንግሥት ዕውቅና ነፈጋቸው እንጂ እነርሱ አልተበተኑም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ልጆቹን በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው በሄዱ ጊዜ፥ ይኸው ማኅበር መጠለያ፥ ምግብና የመመለሻ ትኬት እየፈለገ ለብዙዎች ደረሰ። ይህን ያደረጉት የተማሩ ጠበቆች ሳይሆኑ ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች «ማኅበር ሁከት ያመጣል፤ ጥሩ ሕግ ካለ ይበቃል» ይላሉ። ሕጉስ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለገበሬና ለእርሻ ሠራተኛም የመደራጀት መብት ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ዐዋጅም ዐሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ይቆማል ይላል። ይሁን እንጂ ይኸው ዐዋጅ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። እንግዲህ የቤይሩትን ሕግ ስንነቅፍ የባሕር ዳርን ማድ ቤት መርሳት አይገባንም። ሕግም ቢሆን የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። የ1960 ዓ.ም. ሁከትም ቢሆን የመጣው ሕዝቡ ስለ ተደራጀ ሳይሆን አቤቱታው በጊዜው ሰሚ ስላጣ ነው።

ስለዚህ እናንተ ወጣት ሹማምንት፥ የተጓዡን ወረቀት ስታዘጋጁ የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን እዚያ ማን እንዳለለትም ጠይቁ። የማኅበሩን ስምና አድራሻ ከትኬቱ ጋር ይያዝ። የከተማው የሠራተኛ ማኅበራትም ከስደት ተመላሹንና የሰሊጥ አጫጁን እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ባልደረባ ይመዝግቡት። ተማሪዎችም የአንቀጽ 42ን ትርጉም ለፈተና ብቻ አታጥኑት፤ በክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ለሚሄደው ወንድማችሁና ለምትሄደው እኅታችሁ አስረዷቸው። ስንቅ ማለት በሶና ቆሎ ብቻ አይደለም።