ጸሎት በሚደርቅበት ወቅት

የንስሐ አባት፣ ማለትም ምእመናን ኃጢአታቸውን የሚናዘዙለትና መንፈሳዊ ሕይወታቸውን በቅርብ የሚከታተል ካህን፣ በአገልግሎቱ ደጋግሞ ከሚሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ የድርቀት አቤቱታ ነው። የንስሐ ልጁ ጸሎቱን አላቋረጠም፣ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀረም፤ ነገር ግን ቀድሞ ዕንባ ያመጣለት የነበረው ውዳሴ ማርያም አሁን ከከንፈሩ አልፎ ወደ ልቡ አልደርስ ብሎታል፣ ቅዳሴውም እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ የሚጠብቀው ሰዓት ሆኖበታል፤ ከዚህም ተነሥቶ እግዚአብሔር ትቶኛል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። አቤቱታው በዐቢይ ጾም መካከል እምብዛም አይሰማም፤ በርከት የሚለው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናትና እነርሱን ተከትሎ በሚመጣው የሰኔ ጾም መግቢያ ላይ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሙሉ ሥጋንም ነፍስንም በአንድ ሥርዓት ይይዛል፤ ምእመኑ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይጾማል፣ በሰሙነ ሕማማትም ከሕዝቡ ጋር ይሰግዳል፣ ድካሙም ራሱ የቅርበት ስሜት ይሰጠዋል። በበዓለ ኀምሳ፣ ማለትም ከፋሲካ በኋላ ባሉት በእነዚያ 50 ቀናት፣ ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾምም ስግደትም የለም፤ የተሰጠው ጊዜ የደስታ ጊዜ ነው። በዚህን ጊዜ ምእመኑ የሚቀረው ነገር ቢኖር ያለ ድካም ማመን ብቻ ነው፣ ብዙዎች የሚከብዳቸውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሳያውቁት መታመናቸውን በእግዚአብሔር ላይ ሳይሆን በራሳቸው ትጋትና ትጋቱ በሚፈጥረው ሙቀት ላይ አሳርፈውት ነበር።

የእግዚአብሔር ታማኝነት ሲባል የሰጠውን ተስፋ በሰው ሁኔታ መለዋወጥ ምክንያት የማይለውጥ መሆኑን ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት ይህን ታማኝነት ከሰው ታማኝነት ጋር አያይዞ አልመዘነውም፤ መሠረቱን በእግዚአብሔር ባሕርይ ላይ አደረገው እንጂ። እንግዲያው የልብ ሙቀት ሲኖር ደስ የሚያሰኝ ስጦታ ነው፣ ሲጠፋ ግን ስለ ሰጪው የሚናገረው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን ከመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ ጋር የሚያስተምሩት የመዓርጋት ትምህርት እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ አለው። ትምህርቱ መንፈሳዊ እድገትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና። በእነዚህም ሥር 10 መዓርጋት ይቆጠራሉ። በንጽሐ ሥጋ ሥር ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታና እርጋታ፣ ልባዌ፣ ማለትም ማስተዋል፣ ቀጥሎም ጣዕመ ዝማሬ፣ ማለትም የሚጸልዩትና የሚዘምሩት ቃል ለነፍስ መጣፈጡ ይገኛሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ጣዕሙ ሦስተኛው መዓርግ ላይ መቀመጡና ከእርሱ በላይ ገና ሰባት መዓርጋት መኖራቸው ነው። ትምህርቱ በቀጥታ የሚመለከተው መነኮሳትን ቢሆንም፣ በዓለም የሚኖረው ምእመንም ጸሎት የጣፈጠበትን የመጀመሪያ ዘመን የጉዞው መጨረሻ አድርጎ እንዳይወስደው ያስጠነቅቃል።

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውና ከነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ብሕትውና የተመለሰው ማር ይስሐቅ በነፍስ ላይ ስለሚወርድ ጨለማ ሲመክር ምክሩ ለሥራ የቀረበ ነው። ጨለማው በጸናበት ሰዓት መነኩሴው በግንባሩ ተደፍቶ ለመጸለይ አቅም ቢያጣ እንኳ፣ ራሱን በልብሱ ሸፍኖ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይተኛ፣ በኣቱን፣ ማለትም የሚኖርባትን ክፍል፣ ግን ለቆ አይውጣ ይለዋል። ለከተማ ነዋሪ በኣት ማለት የተለመደው የጸሎት ቦታና ሰዓት፣ እሑድ የሚቆምበት ቤተ ክርስቲያንና የሚያማክረው አባት ነው። ታላቅ ተጋድሎ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው አለመልቀቅ ነው።

በመጽሐፈ ኢያሱ 5ኛ ምዕራፍ የተጻፈ አንድ ነገርም በምክር ጊዜ ሊነሣ ይገባዋል። እስራኤል 40 ዓመት የበሉት መና የተቋረጠው ሕዝቡ በድሎ ሳይሆን፣ የተስፋይቱን ምድር ፍሬ በበላ ማግስት ነው። መናው ሳይታረስና ሳይዘራ የሚለቀም ነበር፣ የከነዓን እህል ግን ማረስን፣ መዝራትንና ዝናብ መጠበቅን ይጠይቃል። በዚያ ማለዳ መናውን ፈልጎ ያጣ ሰው እግዚአብሔር መመገቡን አቆመ ቢል ኖሮ በእጁ የያዘውን እሸት አላየውም ማለት ነው። ብዙ ድርቀትም እንዲህ ያለ የአመጋገብ ለውጥ ነው።

ለውጡ ሁልጊዜ በቶሎ አይገለጥም። በመዝሙረ ዳዊት 87፣ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 88፣ የሚጸልየው ሰው እግዚአብሔርን የመድኃኒቱ አምላክ ብሎ ይጀምርና እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሳይመለስ በጨለማ ይጨርሳል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን መዝሙር ከዳዊት አላወጣችውም፤ ዳዊት ደጋሚ ተራው ሲደርስ ያነበዋል፣ በዚያም መጨረሻው ያልታየ መከራ ራሱ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል ይማራል። ደግሞም በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ከአራቱ ዘመናት አንዱ የሆነው ዘመነ ክረምት፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ፀሐይ በደመና የምትሸፈንበት ነው፤ ዘሩ በምድር ውስጥ የሚሠራውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ድርቀትን ሁሉ አንድ አድርጎ መፍታት ስሕተት ነው። ያልተናዘዙት በደል፣ የተያዘ ቂም ወይም ያልተመለሰ የሰው ገንዘብ ጸሎትን ያደርቃል፤ መድኃኒቱም ንስሐና ካሣ እንጂ መጽናናት አይደለም። ሐኬት፣ ማለትም ነፍስ ከመልካም ሥራ የምትታክትበት ስንፍና፣ በትንሽ ግን በማይቀር ሥርዓት ይታከማል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጸሎቱ ጋር አብረው ከጠፉ፣ ሰውየውም ሥራውንና ቤተሰቡን መያዝ ካቃተው፣ አባት ጸሎቱንና ጸበሉን ሳያስቀር ወደ ሐኪም ሊልከው ይገባል። ከእነዚህ አንዱም ሳይገኝ ሲቀር ግን በደረቀው ላይ ስግደትና ጾም መጨመር ሸክም ማክበድ ነው፤ ልጁ እግዚአብሔርን በድካሙ መጠን ሊገዛው እንደሚችል የያዘውን የተሳሳተ አሳብ ያጸናበታልና።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን በዐቢይ ጾም መግቢያ ብቻ ሳይሆን በበዓለ ኀምሳም ይጠይቋቸው፣ ቀጠሮም ይስጧቸው፤ ከቀኖናውም ቢቀንሱላቸው እንኳ የዘወትር ጸሎቱንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አያስቀሩባቸው። ጸሎቱ የደረቀበት ምእመንም የፍልሰታ ጾም እስኪገባ አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ወደ አባቱ ይሂድና የሆነበትን ሳይሸፍን ይንገረው።