ኮሌት ቻክ፤ አመራረጡና አገጣጠሙ

ቶርኖ የሚባለው መኪና ብረትን እያሽከረከረ በመቁረጫ የሚቀርጽ መሆኑን በእጅ ሥራ ክፍላችን ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የሥራው ትክክለኛነት የሚወሰነው በመቁረጫው ስለት ብቻ አይደለም። ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው ዕቃ፣ ማለትም ቻኩ፣ ካልተስተካከለ መቁረጫው የቱን ያህል ቢሳል ሥራው ይበላሻል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ስለ ሆነ፣ ከኋላዬ ለሚመጡት ጓደኞቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ልጽፈው አሰብሁ።

አዘውትረን የምንሠራበት ባለ ሦስት መንጋጋው ቻክ ነው። ትንሹንም ትልቁንም ብረት ስለሚይዝ እጅግ ጠቃሚ ነው። ጉድለቱ ግን ብረቱን በሦስት ቦታ ብቻ የሚነካ መሆኑ ነው፤ ባረጀም ጊዜ ብረቱን ከማዕከሉ ያሸሸዋል። የ0.05 ወይም የ0.1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ቢያሳይ አያስደንቅም። ሥራውን ሳይፈታ በአንድ እስራት ለሚጨርስ ሰው ይህ ብዙ አይጎዳውም። ዳሩ ግን አንዱን ጫፍ ቀርጾ፣ ፈትቶና አዙሮ ሌላውን ጫፍ የሚቀርጽ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ጫፎች አንድ ማዕከል አይኖራቸውም። እንዲህ ያለው ዘንግ ኩሽኔታ ውስጥ ሲገባ እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ይጨርሰዋል።

ኮሌት ለዚህ ችግር የተበጀ ነው። ውጭው ሾጣጣ፣ ውስጡ ቀጥ ያለ ክብ ቀዳዳ፣ ጎኑም በብዙ ቦታ የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ ነው። ወደ ሾጣጣው ማደሪያ ሲገፋ ስንጥቆቹ ይጠብባሉ፤ ብረቱንም ዙሪያውን ያቅፈዋል። ዘነዘናን በሦስት ጣት በመያዝና በሙሉ መዳፍ በመጨበጥ መካከል ያለውን ልዩነት ማሰብ ነው።

ኮሌት የሚመረጠው እንደ ሥራው ዓይነት ነው። በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች 5ሲ እና ኢ አር የሚባሉት ናቸው። 5ሲ ከ28 ሚሊ ሜትር ጥቂት እስከሚበልጥ ውፍረት ይይዛል፤ ቶሎ ይከፈታል፣ ቶሎም ይዘጋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮሌት የሚያገለግለው በላዩ ለተጻፈው ልክ ብቻ ለማለት ይቻላል። ኢ አር በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በስዊስ አገር ሬጎ-ፊክስ በተባለ ኩባንያ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ከትንንሾቹ በቀር አንዱ ኮሌት እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ይጠብባል። ስለዚህ በጥቂት ኮሌቶች ብዙ ልክ መያዝ ይቻላል። ኢ አር 32 እስከ 20፣ ኢ አር 40 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። ለ11.5 ሚሊ ሜትር ብረት የሚመረጠው የ12ቱ ኮሌት ነው፤ የ11ዱን በግድ ማስፋት ኮሌቱን ማበላሸት ነው። ዝገት ያለበት ወይም ክብነቱ ያልተስተካከለ ብረት ለኮሌት አይሆንም።

ቻኩ ራሱ በሁለት መንገድ ይገጠማል። አንዱ በቶርኖው ዋና ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ሞርስ የሚባለው ሾጣጣ ነው፤ እንዳይላቀቅ ከኋላ በረጅም ብሎን መሳብ አለበት። ቀዳዳው ስለሚዘጋ ግን ረጅም ብረት ማሳለፍ አይቻልም። ረጅም ብረት ለሚሠራ ሰው የሚሻለው፣ ፍላንጅ በሚባለው ክብ ብረት ላይ በብሎን የሚታሰረው ነው። አዲስ ፍላንጅ በሚሠራበት በዚያው ቶርኖ ላይ ፊቱን መቀረጽ ይኖርበታል።

ከመግጠም በፊት መኪናውን አጥፍቶ፣ የሚገናኙትን ፊቶች ሁሉ በነጭ ጋዝና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያሻል። የፀጉር ውፍረት ያህል የብረት ፍቅፋቂ በመካከሉ ቢቀር ኮሌት የመግዛቱ ጥቅም ሁሉ ይቀራል። ብሎኖቹም ትይዩ ትይዩውን፣ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ የዳያል ጌጁን ጫፍ በሾጣጣው ማደሪያ ውስጥ አስነክቶ ቻኩን በእጅ ማዞር ነው። መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፈትቶ እንደገና መጥረግና መግጠም ይገባል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የኢ አር ኮሌት አስቀድሞ በዳዶው ውስጥ መግባት አለበት፤ ዳዶው በውስጡ ያለው ቀለበት የኮሌቱን ጎድጓዳ መስመር ሲይዘው ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ ተያይዘው ከዚያ በኋላ ቻኩ ላይ ይጠመዘዛሉ። እኔ ግን ቸኩዬ ኮሌቱን በማደሪያው ውስጥ ጣልሁና ዳዶውን ከላዩ በኃይል አጠበቅሁት። የኮሌቱ ከንፈር ተሸረፈ። ያለን የ12 ሚሊ ሜትር ኮሌት እርሱ ብቻ ነበር። ጓደኞቼ የተግባር ፈተና ዘንጎቻቸውን በአሮጌው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ለመጨረስ ተገደዱ፤ ከአምስቱም ዘንጎች ሁለቱ ተዛንፈው ተጣሉ። መምህራችን አልተቆጡኝም፤ የሁለቱ ልጆች ዝምታ ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ኮሌቱ በመጀመሪያ በዳዶው ውስጥ ይግባ፤ ብረት ሳይኖርበት ባዶውን ከቶ አይጠበቅ፤ መኪናውም ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ከቻኩ ላይ ይነሣ። አንድ ደቂቃ ሳልታገሥ ቀርቼ የሌላውን ሰው የአንድ ወር ድካም አጥፍቻለሁና፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ።