እውነት ወይስ ተረት? የአዲስ መኪና ቀለም በቶጎጫሌ አቧራ ውስጥ

በድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ የመኪና መሪ ቦታ ይቀያየራል። ከማዶ፣ በሶማሌላንድ በኩል፣ የሚነዱት መኪኖች በአብዛኛው መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ከጃፓን ወጥተው፣ ዱባይን ረግጠው፣ በርበራ ላይ የወረዱ ናቸው። ከወዲህ ደግሞ የኛው የግራ መሪ አለ። አቧራው ግን የጋራ ነው። የዱባይ ዕቃ በሚያልፍበት ከተማ የመኪና ሰም፣ ሲላንት የሚሉት ሰው ሠራሽ መሸፈኛ ወይም ፖሊሽ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከዕቃው ጋር በነጻ የሚታደለው ምክር ነው። አዲስ መኪና የያዘ ሰው ሻይ ቤት በር ላይ ሲያቆም አማካሪ አያጣም። ከምክሩ ግማሹ ለበረዶ አገር የተነገረ ነው፣ ሩቡ ለጋራዥ ቀለም፣ የቀረው ጨርሶ ተረት።

«አዲስ ነው፤ ፋብሪካው የቀባው ይበቃዋል»

ግማሽ እውነት አለው። የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። ከብረቱ በላይ ዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት መስታወት መሰል ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ። ፀሐይንም ዝናብንም ፊት ለፊት የሚጋፈጠው እሱ ስለሆነ፣ ምንም ያልተቀባ አዲስ መኪና በሳምንትና በወር አይበላሽም። ነገር ግን ፋብሪካው ክሊሩን ቀባ እንጂ የክሊሩን ጠባቂ አልቀባም። ለጉዞ ተብሎ የሚለጠፈው ፕላስቲክም ርክክብ ላይ ይነሣል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለወሰነ፣ ከፋብሪካ በቀጥታ የመጣ መኪና ዛሬ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው፤ በመርከብ ጅቡቲ ወርዶ፣ የባሕር አየር ጠጥቶ፣ በረሃ አቋርጦ ይደርሳል። እንዲህ ያለው መኪና መጀመሪያ የሚፈልገው ጥሩ እጥበት ነው። ጨውና አሸዋ ላይ ሲላንት መቀባት ቆሻሻውን ከክሊሩ ጋር አብሮ ማሸግ ይሆናል።

«ቀለሙ ሦስት ወር ሳይተነፍስ ሰም አይነካውም»

ይህ ምክር የተወለደው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ለጋራዥ ቀለምም ትክክል ነው። ፋብሪካ ግን ቀለሙን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ያበስለዋል፤ ወንበሩና ፕላስቲኩ ገና ስላልተገጠመ ያን ያህል ማሞቅ ይችላል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚተነፍሰው ነገር አልቋል፤ እዚህ እስኪደርስም ሳምንታት አልፈውታል። የጋራዥ ቀለም ቢበዛ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ አለዚያም ምድጃ ሳያይ በአየር ይደርቃል፤ ቲነሩ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይወጣል። እዚህ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ወር መታገሥ ተገቢ ነው። ስለዚህ «አዲስ» ተብሎ ከዓረብ አገር የመጣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የተመረተበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን «የትኛው በሩ እንደገና ተቀብቷል?» ብሎም ይጠይቅ።

«ሰም ካለው አይጫርም»

በዚህ አገር ከሁሉም በላይ ቀለም የሚያበላሸው ተረት ይህ ይመስለኛል።

ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ደረቅ ወቅት፣ በታኅሣሥና በመጋቢት መካከል፣ የቶጎጫሌ ሜዳ ሣሩ ተግጦ አፈሩ ይገለጣል። ነፋሱና የጭነት መኪናው ጎማ ያንን አፈር ያነሡታል። ጠዋት መኪናው ላይ ተኝቶ የሚገኘው አቧራ ከሩቅ ዱቄት ይመስላል፤ በውስጡ ግን የኳርትዝ ቅንጣት አለበት። ኳርትዝ ደግሞ ሞስ በሚባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ብረት ይጭራል፣ መስታወት ይጭራል። ክሊሩማ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ጥበቃው ወይም ሹፌሩ ደረቅ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ አስቡት። ሰውየው ትጉህ ነው፤ መኪናው አቧራ ይዞ እንዳይታይ ክብሩ ነው። ጨርቁን በኮፈኑ ላይ ክብ እየሠራ ያሽከረክረዋል፣ ያራግፈዋል፣ ይደግመዋል። ጥቁር መኪና ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ኮፈኑን ሞልቶት ይታያል። «ሰሙ ጥራት የለውም» ይባላል። ሰሙ ምን ያድርግ? የሰም ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ የአሸዋውን ቅንጣት ሊያቆመው አይችልም።

ሰምና ሲላንት የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው። ገጹን ያሙለጨልጩታል፤ አቧራው ተጣብቆ አይቀመጥም፤ በጥቂት ውሃና በጥቂት ፍትጊያ ይለቃል። በሌላ አገር ይህ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ውሃ በጀሪካንና በቦቴ በሚገዛበት አካባቢ ግን የሲላንት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ማብረቅረቁ ተከትሎ የሚመጣ ነው። አንድ ላቫጆ በጎማ ቧንቧ የሚያፈሰውን ያህል ውሃ ማግኘት ለማይችል ሰው፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳ ሃይላንድ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች እየረጨ ሻካራውን አቧራ ያወርድለታል። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ። ጨርቁ ሻምፖው ውስጥ ተነክሮ መኪናውን ይነካል፣ ተመልሶ ሻምፖው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሁለተኛው ባልዲ ይለቀለቃል። ክብ መሥራት የለም፤ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። በርካ በሚባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ የተያዘ የዝናብ ውሃ ኖራው አነስተኛ ስለሆነ ነጭ ነጠብጣብ ብዙም አይተውም፣ ደለሉ ግን እስኪዘቅጥ ይጠበቅ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ፀሐይ ሳያደርቀው ቶሎ ማድረቅ ነው፤ የኖራው ነጠብጣብ ክሊሩ ላይ ሲጋገር በጨርቅ ብቻ አይለቅም።

ኦሞን በተመለከተ፦ ዱቄት ሳሙና አልካላይነቱ ከፍ ያለ ነው፤ የሸሚዝ ስብ እንደሚያወጣ ሁሉ ሰሙንም ያወጣዋል። በኦሞ እያጠቡ ሰም መቀባት በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። ናፍጣ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ማበስም ለጥቂት ሰዓት ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ቅባቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይጠራል።

ፍየል ኮፈን ላይ ስትወጣ የሚያስቆም ሰም ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

«የተፈጥሮ ሰም ከሰው ሠራሹ ይበልጣል»

በውበት ምናልባት። የመኪና ሰም ንጉሥ የሚባለው ካርናውባ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም ላይ የሚሰጠውን ጥልቅ ድምቀት ሲላንቱ በቀላሉ አይደርስበትም። ንጹሑ ካርናውባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀልጥም። ነገር ግን በቆርቆሮ የሚሸጠው ንጹሑ አይደለም፤ በእጅ እንዲቀባ በዘይትና በሟሟ የለሰለሰ ነው። ቀትር ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ሙቀት እንዲህ ያለው ሰም ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ከቆየ ብዙ ነው።

የራሳችን የማር ሰምስ? ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስለሆነች ጥያቄው ደጋግሞ ይነሣል። የማር ሰም 62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ለጧፍ ተስማሚ ነው። ኮፈን ላይ ሲቀባ ግን ተጣባቂ ይሆንና አቧራውን ይዞ ያስቀራል።

ሲላንት የሚባለው ከሰው ሠራሽ ፖሊመር የተሠራ ነው፤ ክሊሩ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ሙቀትና ሳሙና ይታገሣል፣ ጥሩው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። እዚህ ላይ የፈረንጆቹን ምክር እንዳለ መቅዳት አይሠራም። እነሱ መኪናቸውን የሚያሽጉት ክረምታቸው ሳይገባ ነው፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ያስፈራቸዋልና። ቶጎጫሌና ጅግጅጋ ያሉበት የፋፋን ዞን ቀን መቁጠሪያ ሌላ ነው። ጉ የሚባለው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይመጣል፤ ከብዙው የሶማሌ ክልል በተለየ ደግሞ ጅግጅጋና አካባቢዋ ከሐምሌ እስከ መስከረም ካራን የሚባለውን ዝናብ ያገኛሉ። ስለዚህ አንዱ የሲላንት ቀን ካራን ሲያበቃ በጥቅምት ነው፣ የጂላልን አቧራ ለመቀበል። ሌላው በመጋቢት መጨረሻ፣ የጉ ጭቃ ሳይመጣ። በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ሥራ ነው። ሰርግ ያለበት፣ መኪናው እንዲደምቅ የፈለገ ሰው በሲላንቱ ላይ ካርናውባ ይጨምር፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ሲላንት በሰም ላይ ከተቀባ ክሊሩን አይይዝም።

አቀባቡ የሚከብድ አይደለም። ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ ብረቱ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በጣም ስስ አድርጎ። ወፍራም መቀባት ዕድሜ አይጨምርም፣ ማራገፉን ያከብዳል እንጂ። ከሁሉም የሚረሳው የጥቁሩ ፕላስቲክ ጠርዝ ነው፤ ሰም ከነካው ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ በኋላም አልለቅ ይላል።

«9ኤች ሴራሚክ ድንጋይ አይበሳውም»

ሴራሚክ በሚባለው የመኪና ሽፋን ላይ የሚጻፈው 9ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው። ከለስላሳ እስከ ደረቅ ያሉ እርሳሶችን በሽፋኑ ላይ እየገፉ የትኛው እንደሚጭረው የሚያዩበት ፈተና አለ፤ 9ኤች የመጨረሻው ደረቅ እርሳስ ነው። ከሞስ መለኪያ ጋር ዝምድና የለውም። «አሸዋው 7፣ ሴራሚኩ 9፣ እንግዲህ ሴራሚኩ ያሸንፋል» የሚለው ሒሳብ ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን ደምሮ የተገኘ ነው። ጥሩ ሴራሚክ ለዓመታት ይቆያል፣ የወፍ ኩስና ሳሙናን ይቋቋማል፣ ማጠብን ያቀልላል። ጠጠር አያቆምም፤ ጠጠር የሚያቆመው ወደ 200 ማይክሮን የሚጠጋ ውፍረት ያለው ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም ነው። በዚያ ላይ ሴራሚክ አቧራ በማይገባበት ዝግ ቤት መቀባት አለበት፤ አደባባይ ላይ ከተቀባ አቧራውን አብሮ ያደርቀዋል፣ ለማንሣትም መፋቅ ግድ ይላል። ዝግ ቤትም እጁ የሠለጠነ ባለሙያም ከሌለ ሲላንቱን እመርጣለሁ።

«ፖሊሽ በየወሩ መኪናን ያድሳል»

ያሳንሰዋል። ሰም ይጨምራል፣ ፖሊሽ ይቀንሳል። ፖሊሽ በውስጡ ደቃቅ መፋቂያ አለው፤ ጭረቱ የሚጠፋው በዙሪያው ያለው ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ተልጦ ነው። በማሽን አንድ ዙር ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ከ40 ማይክሮን ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲነሣ የት እንደሚደርስ ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም፤ የክሊሩ ፀሐይ መከላከያ ሳስቶ ጣሪያውና ኮፈኑ መላጥ ይጀምራሉ። አዲስ መኪና በዓመት አንድ ጊዜም ፖሊሽ ላያስፈልገው ይችላል።

«ነጭ መኪናን ፀሐይ አይጎዳውም»

ሙቀቱ ይቀንሳል እንጂ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ቀለም አይመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጅግጅጋ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከበርበራ ጠረፍ ይልቅ ይበረታባታል፣ ምንም እንኳ በርበራ በሙቀት ብትብስ። ሰም ሻጮች «የፀሐይ መከላከያ» ብለው የሚጽፉት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንድ ማይክሮን የማይሞላ ሽፋን ብዙ ጨረር አያስቀርም። ከቆርቆሮው ይልቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሻላል።

ካራን ሲመጣ ደግሞ የቶጎጫሌ ጥቁር አፈር ይጣበቃል። ጭቃው ራሱ ቀለም አይበላም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ደርቆ ሲፋቅ ነው። ከደረቀ እርጥብ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት ጣል አድርጎበት መጠበቅ፣ ከዚያ በውሃ ማውረድ ይበቃል። ፓራፋንጎ ሥር የተጠቀጠቀው ጭቃ ግን እርጥበት ይዞ ይሰነብታል፤ ጠጠር ልጦት ብረቱ የታየበት ነጥብ ካለ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ነጥብ ሰምም ሲላንትም አይደፍነውም። የመኪናው የቀለም ኮድ ብዙውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል፤ በዚያ ኮድ ትንሽ ጠርሙስ ቀለም ገዝቶ ነጥቡን በቀጭን ብሩሽ መንካት፣ ደረቅ ብሎ ሲከርም ሲላንቱን መመለስ ነው።