ሸክላውን ወደን ሠሪዋን መናቅ

ልጄ ባለፈው ዓመት ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ከቤታችን ልትወጣ ስትሰናዳ፣ የዕቃ ዝርዝር ለማውጣት ሦስት ትውልድ ሆነን ሳሎን ተቀመጥን፤ እናቴ፣ እኔና እሷ። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የማያሲዝ መጥበሻ፣ የፕላስቲክ ባልዲና ሳፋ፣ የፕላስቲክ መሶብ፣ የማይሰበር የብረት ጀበና እያልኩ ጻፍኩ። ልጄ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ግማሹን ሰረዘችው።

«እማዬ፣ እዚሁ አገር በእጅ የተሠራውን ነው የምገዛው። ሲያረጅ የት እንደምጥለው የማላውቀውን ዕቃ ቤቴ አላስገባም» አለች።

እኔ ሳቅሁ። «ሸክላ እኮ ይሰበራል ልጄ» አልኳት። ነገር ግን በልቤ የራሴን መጥበሻ አስታወስኩ፤ ዓመት ሳይሞላው ተልጦ፣ ጥቁር ቅርፊቱን ከወጡ ውስጥ በማንኪያ ስለቅም ነበር የጣልኩት። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ አልተናገረችምም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀጨኔ ልንሄድ ስንነሳ «እኔ እግሬን ያመኛል፣ ሂዱ» አለችን። በሩን ልዘጋ ዞር ስል ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።

ቀጨኔ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኝ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ልጄ አበባ የተሣለበት አንድ ጀበና አይታ አነሳች። እናቴ ከእጇ ተቀበለቻት፣ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ አደረገችውና ጆሮዋን አስጠጋች። «ይኼ እሳት አልጠገበም፤ ድምፁ የታፈነ ነው» ብላ መለሰችው። ሁለተኛውን አንኳኳች፤ እንደ ቃጭል ጠራ። ገልብጣ ቂጡን አየች፣ ጣቷን አንገቱ ውስጥ አስገብታ ዳሰሰች፣ መሬት ላይ አስቀምጣ እንደማይወላገድ አረጋገጠች።

ሻጯ ሥራዋን አቁማ ታያት ነበር። «እናቴ፣ እርስዎ የእኛ ሰው ነዎት እንዴ?» አለቻት።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አዎ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አለች።

ዕድሜዬ 52 ነው። አያቴ ነጋዴ እንደነበረች ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እናቴ ቀሪውን ነገረችን። ስታገባ የአባቴ ዘመዶች እንዳይሰሙ ተመከረ። ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» በሚባልበት ጊዜ ማን ልጁን ይድራል? አያቴ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ ጭቃ የሰነጠቀው እጇ እንዳይታወቅባት ቅቤ ተቀብታ ነበር። «ለሠርጌ የሠራችልኝን ጀበና፣ ከመርካቶ የተገዛ ነው ብዬ ነው ያስገባሁት» አለች እናቴ፤ ከዚያ በኋላ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ሆኖም በሠሪዋ ጀበና ቡና እየጠጣን፣ በምጣዷ እንጀራ እየጋገርን፣ እሷን ግን ስንሸሻት ኖርን። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሳይቀር ፊቱ ሸክላ መሆኑን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ቀይሯል። ሱቅ ገብተን ከውጭ ለመጣ ዕቃ የተጠየቅነውን ቆጥረን እንሰጣለን፤ ሸክላ ሠሪዋ ፊት ስንደርስ ግን በግማሽ ዋጋ እንከራከራለን። እኔም ያን ቀን «ቀንሺልን እንጂ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

የአገር ውስጥ ዕቃ ሁሉ ለአካባቢ ደግ ነው ለማለት አይደለም። ሸክላ ለማቃጠልም እንጨትና ቅጠል ይነዳል፤ ጭሱን የምትስበው ሠሪዋ ናት። ስለዚህ ምርጡን መርጦ፣ በትክክለኛ ዋጋ ገዝቶ፣ ለብዙ ዓመት ማኖር ነው ቁም ነገሩ። እናቴ ያስተማረችንን ላካፍላችሁ።

ሸክላ ስትገዙ አንኳኩት፤ የጠራ ድምፅ የጤነኛ ሸክላ ምልክት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ያልበሰለ ወይም ስንጥቅ ያለበት ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም፤ የቡና አተላና ውኃ ሞልታችሁ በዝግተኛ እሳት ደጋግማችሁ አፍሉበት። ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። በሳሙናም አትጠቡት፤ ሽታውን ይጠጣዋል፤ ሙቅ ውኃ ይበቃዋል። ቢሰበር ደግሞ ገሉ ተወቅጦ ከአዲስ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ ወደ አፈር ይመለሳል።

ከሰንደዶና ከአክርማ የተሰፋ መሶብ ጠላቱ እርጥበት ነው። ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ አታስቀምጡበት፤ በየጊዜው ፀሐይ አስመቱት።

ጋቢ ስትገዙ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይጠነክራል።

ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ውስጡ ሸክላ የሆነውን «ላቀች» ምረጡ፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል።

ለገበያ ዘንቢል ያዙ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እናቶቻችን ግን አዋጅ ሳይወጣ በፊት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ነበር የሚወጡት።

ልጄ ቤቷን በያዘች በሳምንቱ ሄድን። ጀበናውን ሲያሟሹ የከረሙት እናቴና እሷ ነበሩ። ቡና ሲፈላ አንዲት ጎረቤት ገባችና «ጀበናው እንዴት ያምራል፣ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጄ አያቷን አየች። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «ከቀጨኔ ነው። እናቴም እዚያ ሸክላ ትሠራ ነበር» አለችና ስሟን ጠራች። የአያቴን ስም በእንግዳ ፊት ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተ አያቶች፣ ምናልባት በቤታችሁም እንዲህ የተደበቀ ሙያ ይኖር ይሆናል፤ የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ፣ የፋቂ፣ የሸክላ ሠሪ። የልጅ ልጆቻችሁ ዕቃ ሊገዙ ሲወጡ አብራችኋቸው ውጡ፤ እግራችሁን ቢያማችሁም እንኳ።