ካርታው ስለ ፕሮሰሳችን ያውቃል?

እዚህ 31 ሜይ አንዲት ተማሪዬ በስልኳ የካርታ ሥዕል አሳየችኝና «ቲቸር፣ ይሄ ስለ ፕሮሰሴ ይነግረኛል?» አለችኝ። ሥዕሉ ላይ ሾጣጣ ባርኔጣ ያደረገች፣ በመጥረጊያ የምትበር የፈረንጅ ጠንቋይ ከነድመቷ አለች። ያስቃል።

ለመሆኑ ምንድነው? ታሮት ይባላል። 78 ካርታዎች አሉት፤ 22ቱ ዋና ሥዕሎች ናቸው፣ 56ቱ ደግሞ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም ተብለው በአራት ይከፈላሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር መጫወቻ ነበር። ለጥንቆላ በሰፊው የዋለው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ተማሪዬ ያሳየችኝ ደግሞ ዲቦራ ብሌክ ጽፋ፣ ኤልሳቤጥ አልባ ሥላው በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመ ነው።

እኛም አገር ሲኒ የሚያነብ፣ ጠጠር የሚጥል አለ። ነገሩ አንድ ነው፦ ሥዕሉም ሲኒውም ዝም ይላሉ፣ የሚናገረው ሰውዬው ነው። ጭንቀታችንን ከፊታችን አይቶ መልሶ ለእኛው ይነግረናል። ፋይላችንን ግን አላየውም።

ስለዚህ «ብር እንዳትከፍይበት፤ ይልቅ ሦስት ሥዕል መርጠሽ ታሪክ ጻፊበት» አልኳት። ጻፈች፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህራን፣ እናንተም ሞክሩት።