የአራዳው ክለብና 318 ጎሎች

የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ አኃዝ አብሮ ይነሣል፦ 318። ይድነቃቸው ተሰማ ለክለቡ በተሰለፈባቸው 23 ዓመታት፣ በ365 ጨዋታዎች ያገባቸው ጎሎች ናቸው። ይህን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ድሮ ቀረ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ «የዚያን ዘመን ኳስ ማን ቆጠረውና ነው?» ብሎ ያልፈዋል። አድናቂውም ተጠራጣሪውም ግን ቁጥሩን ጠጋ ብለው አላዩትም። የጥንት ተጫዋቾች ገድል የሚገባው ስግደትም ንቀትም አይደለም። እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ ከነዘመኑ ሊነበብ ይገባዋል። እንዲህ ሲነበብ ደግሞ ስለ አንድ አጥቂ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰፈሩና ስለ ክለቡም ብዙ ይናገራል።

ክለቡ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል የአየለ አትናሽና የጆርጅ ዱካስ ስም ቀድሞ ይጠራል። መጠሪያውን ያገኘው የዐድዋ መታሰቢያ ከሆነው፣ ስምንት ማዕዘን ካለው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጋፊው ዛሬም ቡድኑን «ፈረሰኞቹ» የሚለው የሰማዕቱን ፈረስ ይዞ ነው። የወሩን ክፉነት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የፋሺስት ጦር ወረራውን ከጀመረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፣ አገሩ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዘምታል። ክለቡ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሣ፣ የአራዳ ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ፣ ሰፈሩም ፒያሳ የሚለውን የጣልያን ስም ተሸክሞ ቀረ። ቡድኑም ሳይቀር በስሙ እንዳይጠራ ተደርጎ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ ከአገሬው ቡድኖች ጋር ካልሆነ በቀር እንዳይጫወትም ተከለከለ። በቤተ ክርስቲያኑና በሐውልቱ መካከል ኳስ ሲያሳድዱ ላደጉ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በሰፈራቸው እየተጫወቱ የቡድናቸውን ስም መጥራት አይችሉም ነበር።

እንግዲህ 318ን በዚህ ዘመን ውስጥ አስገብተን እንየው። ይድነቃቸው ክለቡን የተቀላቀለው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። 365 ጨዋታ ለ23 ዓመት ሲካፈል ለዓመት 16 እንኳ አይሞላም። አምስቱን የወረራ ዓመታት ጨርሰን ብንቀንስ እንኳ ከ20 ብዙም አያልፍም። ይህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ክረምቱን እያረፈ፣ ለሚጫወት ቡድን የሚበዛ አይደለም። ጎሎቹም ቢሆኑ በጨዋታ አንድ አይሞሉም፤ በመቶ ጨዋታ 87 ገደማ ናቸው። ለተረት የተፈበረከ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወደ ሙሉ መቶ ወይም ወደ ሺህ ያደላል። ይህ አያደላም። «የተዘረዘረ ቁጥርም ሊፈበረክ ይችላል» የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ስሌቱ ጎሎቹ መግባታቸውን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ቁጥሩ የሰው ልጅ ሊያደርገው ከሚችለው ያልዘለለ መሆኑን ነው። ለተጠራጣሪው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሙግት ይከብዳል። «ጎሎቹ ይኑሩ፤ ግን በማን ላይ ገቡ?» ይላል። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፦ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ልዑክ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ነገር ግን ቡድኖቹ ጥቂት መሆናቸው ደካሞች አያሰኛቸውም። ኳስን ከአገራቸው ይዘው የመጡ ሰዎችና የሠለጠኑ ወታደሮች ነበሩባቸው። ዋንጫውን የወሰደውም የብሪታንያው ቡድን ነው። ይህን የክለቡ ወዳጆች ብዙ ሲያነሡት አይሰማም። ሊያነሡት ግን ይገባል፤ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮናነት ዋንጫ እስከ እ.ኤ.አ. 1950 ድረስ አላነሣም። ሁሉን እያሸነፈ በሚያልፍ ቡድን ውስጥ ጎል ማብዛት አንድ ነገር ነው። ዋንጫ በሌሎች እጅ ሲገባ እያየ በሚታገል ቡድን ውስጥ ማብዛት ደግሞ ሌላ። ሽንፈቱን የሚደብቅ ታሪክ የጎሎቹን ክብር አብሮ ያሳንሳል።

የራሳቸውን የጥንት ጀግኖች ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ የኖሩ ሕዝቦች አሉና ከእነሱ መማር ይቻላል። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ድሉ በስሙ ይመዘገብለታል። እ.ኤ.አ. በ1884 ቻርልስ ራድቦርን የተባለ የፕሮቪደንስ ወርዋሪ በአንድ የውድድር ዘመን 59 ጨዋታ አሸነፈ፤ 60 ነው የሚሉም አሉ። ልዩነቱን ያመጣው በሐምሌ ወር የተደረገ አንድ ጨዋታ ነው። ሚለር የተባለ ጓደኛው አምስት ዙር ወርውሮ ቡድኑ እየመራ ሳለ ወጣ፤ ቀሪውን አራት ዙር ራድቦርን ወረወረ። የዕለቱ መዝጋቢ ድሉን ለራድቦርን ሰጠ። በኋላ በወጣው ሕግ ቢሆን የሚለር ይሆን ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ እንዲህ ዙር በዙር የሚታወቀው መዝጋቢ ስለነበረ ነው። ደግሞም በራድቦርን ዘመን ወርዋሪው የሚቆመው ከመቺው 50 ጫማ ርቀት ላይ ነበር፤ በ1893 ወደ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ተራዘመ። እንዲያም ሆኖ የፊተኛውን ዘመን ድል የሰረዘ የለም። ሁኔታውን ጎን ለጎን ጽፈው ቁጥሩን አቆዩት። ሳይ ያንግ በሥራ ዘመኑ ያሸነፋቸው 511 ጨዋታዎችም እንዲሁ ከሁለቱም ዘመን ተደምረው እስከ ዛሬ በክብር ይጠቀሳሉ።

«እነዚያ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የእኛዎቹ ግን በፍቅር ብቻ የሚጫወቱ ነበሩ፤ ምን አገናኛቸው?» ይባል ይሆናል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ የሚደግፈው ግን የእኔኑ ሐሳብ ነው። ገንዘብ ያለበት ጨዋታ መዝጋቢ አያጣም፤ ቲኬት የሸጠም ጋዜጣ የሸጠም ውጤቱን ይጽፋል። በፍቅር የተሠራው ነው በሰው ትዝታ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው። የይድነቃቸው አባት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ዘፈናቸው እስከ ዛሬ ይደመጣል። የልጃቸው ጎሎች ግን በየአፉ የሚነገሩት በድምር ነው።

ተጽፎ የቆየ ጨዋታ ምን ያህል ሕይወት እንደሚኖረው ለማየት ከአራዳ ቁልቁል ወደ ስታዲየም መውረድ ይበቃል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ከዛሬዋ ግብፅ፣ ጋር ተፋለመች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለእንግዶቹ አገባ። ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ እልልታው ሳይበርድ፣ በ75ኛው፣ ያው ባዳዊ መልሶ መረቡን አገኘው። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው 4 ለ 2 ተፈጸመ። «ውድድሩ የአራት አገር ብቻ ነበር» የሚል አይጠፋም፤ ነበር። ግን ተሸናፊው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደ ቡድን ነው። ያልነበርንበትን ቀን ደቂቃ በደቂቃ መከታተል የቻልነው ስለተጻፈልን ነው። ይድነቃቸው ራሱ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስከ ዐረፈበት ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። በአህጉሩ ኳስ አስተዳዳሪነቱ ገኖ ሲታወስ አጥቂው ይድነቃቸው ከኋላው ተሸፈነ።

አጥቂውን ከተሸፈነበት ማውጣት ይቻላል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያው ሻምፒዮና ይቀድማል። የግሪኩም የአርመኑም የጣልያኑም ማኅበረሰብ የራሱ ክበብ፣ የራሱ ፎቶግራፍ፣ የራሱ ወረቀት ነበረው። የብሪታንያው ልዑክ ወታደር ነው፤ ወታደር ደግሞ መጻፍ ልማዱ ነው። ሥራው የሚጠይቀው በየማኅደሩ ተቀምጦ ቀንን፣ ተጋጣሚን፣ ውጤትንና አግቢን በአራት ዓምድ መገልበጥ ነው። ተቆጥሮ ሲያልቅ 318ቱ ወደ 290 ዝቅ ቢሉ ወይም ወደ 330 ከፍ ቢሉ ይድነቃቸው ከይድነቃቸውነቱ የሚያጣው የለም፤ ራድቦርን በ59 እና በ60 መካከል ቆሞ ምንም እንዳላጣ ሁሉ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ረድፍ ከአሁኑ ሊሞላ ይችላል፦ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ።